ዋተርሉ በጠረጴዛ ላይ፦ የናፖሊዮን ዘመን የአምሳያ ጦርነት ጨዋታን ለመጀመር ለሚያመነታ ሰው የንጽጽር መመሪያ

የናፖሊዮን ዘመን ጦርን በትንንሽ አምሳያ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ ማሰለፍ የሚያምረው ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ጥያቄ ላይ ተገትሮ ይቀራል፦ የትኛውን መጠን ልግዛ? ቁጥሩ የአምሳያውን ቁመት ይነግራል፦ ባለ 28 ሚሊሜትሩ ያምራል፣ ባለ 6 ሚሊሜትሩ በርካሽ ይገኛል፣ ባለ 15ቱ መሐል ላይ ነው። ጥያቄው ግን ከመሐል ይጀምራል። ቀድሞ መወሰን ያለበት በጨዋታው ውስጥ ማንን መሆን እንደምትፈልጉ ነው። 60 ሰው ይዞ አንድ ድልድይ የሚጠብቅ ሻምበል? አራት ሻለቃ የሚያዝ የብርጌድ አዛዥ? ወይስ በዋተርሉ የእንግሊዝን ጦር እንደመራው እንደ ዌሊንግተን ሜዳውን በሙሉ የሚመለከት ጄኔራል? መጠኑም፣ ደንቡም፣ ወጪውም ከዚህ መልስ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ስሌቱ

በዚያ ዘመን 600 ሰው ያለው የእንግሊዝ ሻለቃ በሁለት ረድፍ ሲሰለፍ 300 ሰው ጎን ለጎን ይቆማል። ለአንድ ሰው 55 ሴንቲሜትር ያህል ብንይዝ መስመሩ ወደ 165 ሜትር ይረዝማል። ይህንኑ ሻለቃ በ28 ሚሊሜትር 24 አምሳያ አድርገን፣ ለእያንዳንዱ 2 ሴንቲሜትር መቆሚያ ሰጥተን፣ 12 በ2 ብናሰልፈው 24 ሴንቲሜትር ይይዛል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ያለው 1 ሴንቲሜትር መሬት ላይ 7 ሜትር ገደማ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1815 የተካሄደው የዋተርሉ ውጊያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የተዘረጋበት ሜዳ ስፋቱ 5 ኪሎሜትር ያህል ነበር። በዚህ ልክ ሜዳውን ለማስቀመጥ ከ7 ሜትር በላይ የሚረዝም ጠረጴዛ ይፈልጋል። 12 በ10 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ የ28 ሚሊሜትር ቤትም 80 በ70 ሜትር መሬት ይሸፍናል። ስለዚህ በዚህ መጠን አንድ ቤት አንድ መንደር ነው፤ ሁለት ቤት ስታስቀምጡ ለሻለቃዎቹ መተላለፊያ ይጠፋል።

በ6 ሚሊሜትር ያንኑ ሻለቃ 6 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው አንድ መቆሚያ ላይ እናሳርፈው። አሁን 5 ኪሎሜትር ማለት 1.8 ሜትር ነው፤ 180 በ120 ሴንቲሜትር የሆነ ጠረጴዛ ላይ ዋተርሉ በሙሉ ይገባል። በ28 ሚሊሜትር የሚገባው የኡግሞንት እርሻ በር ወይም የአንድ ብርጌድ ኮረብታ ነው። ሁለቱም ጥሩ ጨዋታ ናቸው፤ ሆኖም አንዱን የገዛ ሰው ሌላኛውን አያገኝም። ገና ሳይጀምሩ ተስፋ የሚቆርጡት አብዛኞቹ የዋተርሉን ሥዕል አይተው የ28 ሳጥን የገዙ ናቸው።

28 ሚሊሜትር

ፔሪ ሚኒየቸርስ፣ ቪክትሪክስና ዋርሎርድ ጌምስ እነዚህን በጠንካራ ፕላስቲክ ያወጣሉ። በፔሪ የእግረኛ ሳጥን ውስጥ 40 ገደማ ሰው ይገኛል፤ ፈረሰኛ በሳጥን 14 ያህል ነው። ክንድ፣ ጭንቅላትና የጀርባ ቦርሳ ለየብቻ በፍሬም ላይ ተያይዘው ይመጣሉ። በመቁረጫ ትለያላችሁ፣ የቅርጹን ስፌት በከተር ስለት ትፍቃላችሁ፣ በፕላስቲክ ሙጫ ታጣብቃላችሁ። ይህ ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ የሚያዋህድ ስለሆነ በብሩሽ ጫፍ የነካች ጠብታ ትበቃለች፤ ከበዛ የሸሚዙን ቁልፍና የፊቱን ቅርጽ ያሟሟል። የብረት አምሳያ ከሆነ ፕላስቲክ ሙጫ ዋጋ የለውም፤ ሱፐር ግሉ ነው የሚይዘው። የብረቱ ሳንጃ ይጎብጣል፤ አንዴ ሁለቴ ቀስ ብሎ ይቃናል፣ ሲደጋገም ግን ይሰበራል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ፊት አለ፣ ቁልፍ አለ፣ የከበሮ መቺው ከበሮ ላይ ያለውን ገመድ ታያላችሁ። ዋጋው ደግሞ ሰዓት ነው። ጀማሪ ሰው አንዱን እግረኛ ከማጣበቅ እስከ ቫርኒሽ ለማድረስ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል ብንል፣ አራት ሻለቃ (96 ሰው) 72 ሰዓት ነው። በሳምንት አራት ሰዓት ለሚያገኝ ሰው 18 ሳምንት ማለት ነው፤ ያውም ጠላት ገና አልተቀባም። በአንጻሩ 50 ሰው የሚበቃበትን ጨዋታ ከመረጣችሁ ይህ መጠን የሚያስፈራ አይደለም።

የተለያዩ ኩባንያዎች «28» ብለው የሚጠሩት ቁመት አንድ አይደለም። አንዱ ጋ ጭንቅላቱና እጁ ወፍሮ ይቀረጻል፣ ሌላው ጋ ቀጠን ይላል። በአንድ ሻለቃ ውስጥ አትቀላቅሏቸው፤ ሻለቃዎቹ ለየብቻ ከሆኑ ግን ዓይን ብዙም አይለየውም።

1/72 ፕላስቲክ

ከ23 እስከ 25 ሚሊሜትር የሚደርስ ቁመት አላቸው፤ ኢታለሪ፣ ሃትና ዝቬዝዳ ይሠሯቸዋል። የእግረኛ ሳጥን ብዙ ጊዜ 40 እና ከዚያ በላይ ሰው ይይዛል፣ ዋጋውም ከ28ቱ በእጅጉ ያነሰ ነው። በገንዘብ በኩል ከዚህ የሚሻል የለም። ሆኖም ሁለት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛው አቋቋሙ ነው። ከ40 ሰው መሐል ተኝቶ የሚተኩስ፣ ቆስሎ የሚወድቅ፣ በሰደፍ የሚማታ ይገኝበታል። ሻለቃ የሚሠራው ግን ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አድርጎ በሚራመደው ወይም ቆሞ በሚተኩሰው ነው። ሳጥኑ ጀርባ ላይ ያለውን ሥዕል አይታችሁ ተመሳሳይ አቋቋም ያላቸውን ቁጠሩ። ከሳጥኑ 16 ብቻ የሚሆናችሁ ከሆነ ርካሽነቱ በግማሽ ጠፍቷል።

ሁለተኛው ቁሱ ነው። አብዛኞቹ በሚተጣጠፍ ለስላሳ ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። የፕላስቲክ ሙጫ አይዛቸውም፣ ቀለምም ጠመንጃው በተጣጠፈ ቁጥር ይላጣል። መፍትሔው እነሆ፦ ለብ ባለ ውኃና በሳህን ሳሙና አጥቦ ማለቅለቅና ማድረቅ፤ በውኃ የቀጠነ ኮላ በብሩሽ አልብሶ ማሳደር፤ በአክሪሊክ ቀለም መቀባት፤ መጨረሻ ላይ አንድ ተጨማሪ የኮላ ሽፋንና ደብዛዛ ቫርኒሽ መደረብ። የጎበጠ ጠመንጃ በጣም ሙቅ ውኃ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ገብቶ በጣት ይቃናል፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲነከር ቅርጹን ይይዛል።

15፣ 18 እና 13.5

በዚህ መጠን 24 ሰው ያለው ሻለቃ 12 ሴንቲሜትር ይይዛል፣ ከ28ቱ ግማሽ ማለት ነው። አብዛኛው ብረት ሆኖ በአንድ ቁራጭ የተቀረጸ ስለሆነ የማጣበቅ ሥራ የለውም፤ ከወገብ በላይ ያለውን ዝርዝር ሁሉ መቀባት ይቻላል፣ ያለመቀባት መብትም አላችሁ። ሻለቃውን አዛውሮ መስመር (ወደ ጎን የተዘረጋ ሰልፍ) እና ዓምድ (ጠበብ ብሎ ከኋላ የተደራረበ ሰልፍ) ማድረግ ለሚወድ የብርጌድ አዛዥ በእኛ እምነት ከሁሉም የሚስማማው ይህ ነው። ስህተቱ የሚመጣው ባለ 15ቱን ከባለ 18ቱ ሲያጎራብቱ ነው፤ አንዱ የሌላው ታናሽ ወንድም ይመስላል። ዋርሎርድ «ኤፒክ» በሚለው ዘርፉ የሚያወጣው 13.5 ሚሊሜትር ደግሞ በረድፍ የተያያዘ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ብዙ ሰው ባንድ ሳጥን ይገኝበታል፤ ያም ሆኖ ቁመቱ ከሌላው ጋር ስለማይገጥም ወደዚያ ከገባችሁ በዚያው ትቀጥላላችሁ።

10 ሚሊሜትርም አለ። ከ6ቱና ከ15ቱ መሐል ሆኖ ሁለቱንም በከፊል የሚያስገኝ ነው፤ የጨዋታ ጓደኛችሁ ይህን ካለው ግዙ፣ ከሌለው እለፉት።

6 ሚሊሜትር

እንደ ባከስ ያሉ ኩባንያዎች የሚሠሯቸው እግረኞች አራት አራት ሆነው በአንድ ቁራጭ ብረት ላይ ይቆማሉ። ስድስት ቁራጭ 24 ሰው ነው፤ 60 በ30 ሚሊሜትር መቆሚያ ላይ ሲደረደሩ ሻለቃ ይመስላሉ እንጂ ሻለቃን የሚወክሉ 24 ሰዎች አይመስሉም። ይህ ልዩነት በቃላት ሲነገር ትንሽ ይመስላል፣ ጠረጴዛው ላይ ግን ልብ ይወስዳል።

አቀባቡ የተለየ ነው። ዝርዝር የለም፤ ጠመንጃ፣ ፊት፣ ካፖርት፣ ሱሪ፣ ኮፍያ፣ ነጭ የደረት ማሰሪያ፣ በቃ። አንድ ቁራጭ በ5 ደቂቃ፣ ሻለቃው በግማሽ ሰዓት ያልቃል። እዚህ የሚበላሸው ቀለሙ ሲጠቁር ነው። የፈረንሳይን ጥቁር ሰማያዊ እንዳለ ከቀባችሁት በአንድ ሜትር ርቀት ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ይታያል፤ ፖርቱጋሉን ከፈረንሳዩ፣ ፕሩሲያውን ከብሩንስዊኩ መለየት ይቸግራል። ከትክክለኛው አንድ ወይም ሁለት ደረጃ የነጣ ቀለም ውሰዱ። የመቆሚያው ሣርና አፈርም ከአምሳያው እኩል ይታያልና አትቸኩሉበት። የሻለቃውን ስም በመቆሚያው ጀርባ ጠርዝ ላይ ካልጻፋችሁ በጨዋታው መሐል ማን ማን እንደሆነ ይጠፋባችኋል።

ወረቀትና እንጨት

ባለሙያ የሣላቸው የወረቀት ወታደሮች ታትመው፣ ታጥፈውና ተቆርጠው የሚቆሙ ናቸው። ከማተምና ከሙጫ ሌላ ወጪ የላቸውም። 160 ግራም ገደማ በሆነ ወረቀት ላይ በሌዘር ማተሚያ ይታተሙ፤ የኢንክጄት ቀለም ኮላ ሲነካው ይፈስሳል። ድካሙ ያለው መቀሱ ላይ ነው፤ በእግሮች መሐል ያለውን ክፍተት ልቁረጥ ያለ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይሰለቻል። በረድፉ ዙሪያ ቀጭን ጠርዝ ትታችሁ ቁረጡ፣ ጠርዙን በጥቁር አረንጓዴ ቀለም አስምሩት።

ከዚህም የሚቀልለው ኮማንድስ ኤንድ ከለርስ፦ ናፖሊዮኒክስ ነው፤ ጂኤምቲ ጌምስ በ2010 ያወጣው የሳጥን ጨዋታ ሲሆን ተለጣፊ ሥዕል የሚለጠፍባቸው የእንጨት ቁራጮችና ባለ ስድስት ጎን ቤቶች ያሉት ሰሌዳ አለው። ቀለም የለም፣ አሠራር የለም፤ ተለጣፊውን ለመለጠፍ አንድ ምሽት ይበቃል። ጨዋታውን ነው ወይስ መቀባቱን የምወደው ብሎ ለሚጠራጠር ሰው መልሱን ቶሎ የሚሰጠው ይህ ነው።

ከመግዛት በፊት፦ በአንድ ካርቶን መሞከር

የትኛውም መጠን ቢመረጥ ይህን ሳያደርጉ ገንዘብ ማውጣት አይገባም። አንድ ኤ4 ጠንካራ ካርቶን 3 በ3 ሴንቲሜትር ሲቆረጥ 63 ቁራጭ ይወጣዋል። ለሻለቃ አራት አራት ቁራጭ መድቡ። አራቱ ጎን ለጎን ሲሆኑ መስመር (12 ሴንቲሜትር)፣ ሁለት በሁለት ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዩ የማጥቂያ ዓምድ፣ በዚያው ቅርጽ አራቱም ወደ ውጭ ሲያዩ ፈረሰኛን የሚመክት አራት ማዕዘን ናቸው። ፊቱን የሚያሳይ ቀስት በየቁራጩ ላይ ካልተሳለ ግን ሁለቱ ይምታታሉ።

ለፈረንሳይ 6 ሻለቃ (24 ቁራጭ)፣ 2 የፈረሰኛ ሬጅመንት (4 ቁራጭ)፣ 2 የመድፍ ባትሪ (2 ቁራጭ)። ለእንግሊዝና ፖርቱጋል 4 ሻለቃ (16)፣ 1 ፈረሰኛ (2)፣ 1 ባትሪ (1)። ድምሩ 49 ነው፤ የተረፉት 14 ለአዛዦችና «ተመሰቃቅሏል» ለሚል ምልክት ይሁኑ። ተከላካዩን ከረዥም ኮረብታ ጀርባ አኑሩት፤ ኮረብታው ከጠረጴዛ ልብስ ሥር የገባ መጽሐፍ ሊሆን ይችላል። የምግብ ጠረጴዛ 120 በ90 ሴንቲሜትር ከሆነ በቂ ነው፣ የደንቡን ርቀት ሁሉ በግማሽ ቁረጡት። ለምሳሌ ብላክ ፓውደር በሚባለው፣ ከታች በምናየው ደንብ እግረኛ በአንድ እርምጃ 12 ኢንች ይሄዳል፣ የጠመንጃ ተኩስ 18 ኢንች ይደርሳል፤ በግማሽ ሲሆኑ 15 እና 23 ሴንቲሜትር ገደማ ማለት ነው።

በዚህ ሙከራ ሦስት ነገር ተከታተሉ። ዓምዱን መቼ ወደ መስመር ልዘርጋ የሚለው ውሳኔ ያስጨንቃችኋል? ከሆነ የብርጌድ ጨዋታ የእናንተ ነው። የሻለቃው ቅርጽ ሥራ ሆኖባችሁ ተጠባባቂውን ጦር የት ላስገባ የሚለው ብቻ ከማረካችሁ ወደ 6 ሚሊሜትር ሂዱ። ቁራጮቹ ስም የሌላቸው መሆኑ ካስከፋችሁና መኮንኑ ማን እንደሆነ ለማወቅ ከፈለጋችሁ 28 ሚሊሜትርና ትንሽ ቡድን ያስፈልጋችኋል።

አራት ደንቦች፣ አራት ወንበሮች

ሻርፕ ፕራክቲስ ለሻምበሉ ነው። በአንድ ወገን ከ40 እስከ 60 አካባቢ አምሳያ ይበቃዋል፤ መደበኛ እግረኛ በ8፣ ተበታትነው የሚተኩሱት በ6 ይቧደናሉ። ተራው በቅደም ተከተል አይመጣም፤ የየመኮንኑ ስም ያለበት ምልክት ከከረጢት ይወጣል፣ የወጣለት ያዝዛል፣ ያልወጣለት ቆሞ ያያል። ጀማሪን የሚያናድደው ይኸው ነው፣ በኋላ የሚያስወድደውም ይኸው ነው። ብቻውን ለሚጫወት ሰው በጣም ይመቻል፣ ከረጢቱ አያዳላምና።

ብላክ ፓውደር ለብርጌድና ለክፍለ ጦር አዛዥ ነው። ትእዛዙን አስቀድመው ይናገራሉ፣ ከዚያ ሁለት ዳይስ ይጥላሉ፤ ብዙ ጊዜ 8 ከሆነው የአዛዡ ደረጃ እኩል ወይም በ1 ዝቅ ካለ አንድ እርምጃ፣ በ2 ዝቅ ካለ ሁለት፣ በ3 ወይም ከዚያ በላይ ዝቅ ካለ ሦስት እርምጃ ይፈቀዳል። ከደረጃው ከበለጠ ሻለቃው ካለበት አይነቃነቅም። ስለዚህ አንድ ዓምድ በአንድ ተራ 36 ኢንች ዘልሎ ጠላት ፊት ሊደርስ ይችላል። ይህን «ጦርነት እንዲህ ነው» ብሎ የሚቀበል አለ፣ «ይህማ ሎተሪ ነው» የሚልም አለ፤ የትኛው እንደሆናችሁ ለማወቅ ከካርቶኑ የሚረክስ መንገድ የለም። ደንቡ የተጻፈው ለሰፊ ጠረጴዛ በመሆኑ ርቀቱን ሳይቀንሱ ቤት ውስጥ መጫወት ከመጀመሪያው ተራ መፈጋፈግ ያመጣል።

ብሉኸር ለጄኔራሉ ነው፤ አንዱ መቆሚያ አንድ ብርጌድ ነው። የመንቀሳቀሻ ነጥባችሁን የሚጥለው ባላጋራችሁ ሲሆን ዳይሱን ደብቆ ይይዘዋል። ስታዝዙ ቆይታችሁ «አለቀ» ሲላችሁ ብቻ ነው ማለቁን የምታውቁት። ስለዚህ ዋናውን ነገር መጀመሪያ ማዘዝ ግድ ይላል፤ የዚያን ዘመን ጄኔራል ጭንቀት በዚህ ቅለት ያስቀመጠ ደንብ ጥቂት ነው። ያለ ባላጋራ ግን ይህ ውበቱ ይጠፋል። በአምሳያ ፈንታ በካርድ መጫወት ስለሚቻልም ለሚያመነታ ሰው ከደጅ የሚያስገባ ነው።

በኮማንድስ ኤንድ ከለርስ በእጅ ያለው የትእዛዝ ካርድ የትኛውን ክንፍ ማንቀሳቀስ እንደምትችሉ ይወስናል። አንድ ሻለቃ ፈረሰኛ ሲመጣበት አራት ማዕዘን ከሠራ ከእጃችሁ አንድ ካርድ በዕጣ ይወሰድና ሻለቃው እስኪዘረጋ አይመለስም። የፈረሰኛ ማስፈራራት እንዴት ጦርን እንደሚያስር በአንዲት ካርድ ትማራላችሁ። ካርዱ የሚደበቅ ስለሆነ ለብቻ ለመጫወት አይመችም።

ሁሉም ደንቦች በእንግሊዝኛ ናቸው። እርምጃ፣ ተኩስ፣ የእጅ በእጅ ውጊያና የሞራል ፈተናን በአንድ ገጽ በአማርኛ ጽፋችሁ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ብታስቀምጡ የመጀመሪያው ጨዋታ በሰዓታት ያጥራል፤ ገጹን መጻፉ ራሱ ደንቡን ያስተምራል።

የትኛው ጦር፣ የትኛው ዓመት

እዚህ ላይ ገንዘብ የሚባክነው በዓመት ነው። የእንግሊዝ እግረኛ በስፔንና ፖርቱጋል ዘመቻ ላይ ረዥምና ቀጥ ያለ ኮፍያ ያደርጋል፤ ለዋተርሉ የሚያስፈልገው ግን በ1812 የታዘዘው ከፊቱ ከፍ ያለው ነው። ፈረንሳዩም በ1812 ደንብ ካፖርቱ ጭራው አጥሮ ደረቱ ተዘግቷል፤ ለ1809 የተገዛ ሳጥን ለ1815 በደንብ አይሆንም። ሳጥኑ ላይ «1807–1812» ወይም «1812–1815» የሚል ጽሑፍ አለ፤ እሱን ሳታነቡ አትክፈሉ።

ለመጀመሪያ ጦር ፈረንሳይ ይሻላል፤ ባላጋራችሁ ማንንም ቢመርጥ ትገጥሙታላችሁ። ቀለሙ ቢያስፈራችሁ ከደንብ ልብሱ በላይ ረዥም ካፖርት የደረቡ ወታደሮች ያሉበትን ሳጥን ምረጡ። ግራጫ፣ ቡናማና አመድማ ካፖርቶችን እያፈራረቁ መቀባት የዘመቻውንም እውነት ያሳያል፣ ነጩን የደረት ጨርቅም ያስቀራል። ኦስትሪያን ለመጀመሪያ አንመክርም፤ ነጭ ልብስ ከታች ያለውን ሁሉ ያጋልጣል። የስኮትላንድ ባለ ቀሚስ ሻለቃም እንዲሁ፣ የጨርቁ መስመር ብቻ እያንዳንዱን ሰው 20 ደቂቃ ይጨምርበታል።

አንድ ሻለቃ በቅርብ

በ1808 ድንጋጌ የፈረንሳይ ሻለቃ 6 ሻምበል ሆነ፣ እያንዳንዱ 140 ሰው። 24 አምሳያ ካላችሁ ለሻምበል 4 ይደርሳል። በቀኝ ጫፍ 4 ግሬናዴ (ምርጥ እግረኞች)፣ ቀይ የትከሻ ጌጥ ያላቸው፤ በግራ ጫፍ 4 ቮልቲዦር (ተበታትነው የሚተኩሱ ቀላል እግረኞች)፣ በአረንጓዴና ቢጫ ጌጥ፤ መሐል ላይ 16 ፊዚሊየ (ተራ እግረኞች)። የፊዚሊየዎቹ ኮፍያ ላይ ያለችው ክብ ጌጥ ከመጀመሪያው ሻምበል እስከ አራተኛው ጥቁር አረንጓዴ፣ ውኃ ሰማያዊ፣ ብርቱካንማና ሐምራዊ ናት፤ አራት ነጥብ ቀለም ነው፣ ሻለቃውን ግን ሕያው ያደርገዋል። ንስር ያለበት ሰንደቅ ከ1808 በኋላ ለሬጅመንቱ (ለበርካታ ሻለቃዎች ስብስብ) አንድ ብቻ ነው፣ የሚይዘውም የመጀመሪያው ሻለቃ ነው። ሁለተኛና ሦስተኛ ሻለቃ ላይ ንስር መትከል በጣም የተለመደ ስህተት ነው፤ ለእነሱ ተራ ትንሽ ባንዲራ ይሰጣል።

አቀባቡ በቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በግራጫ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባ ሽፋን) አልብሱ። ከውስጥ ወደ ውጭ ሂዱ፦ ፊትና እጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ ካፖርት፣ ከዚያ ሱሪና ደረት፣ የጀርባ ቦርሳው ቡናማ፣ ኮፍያና ጫማ ጥቁር፣ የጠመንጃው እንጨት፣ መጨረሻ ላይ ማሰሪያውና ብረቱ። ነጩን በቀጥታ አትቀቡ፤ ቀላል ግራጫ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ከፍ ባለው ቦታ ላይ ብቻ ነጭ። ቀለም ከጠርሙስ እንደወጣ ወፍራም ነው፣ በጥቂት ውኃ አቅጥናችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡ። አንዱን ሰው ጨርሶ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ ለ8 ሰው አንዱን ቀለም መጨረስ ጊዜ ይቆጥባል። ከ8 ሲበልጥ ግን መሰልቸት ይመጣል።

ቫርኒሽ ሲደርቅ ነጭ አቧራ መስሎ የሚቀረው እርጥበት ባለው ወይም በቀዝቃዛ አየር ሲረጭ ነው። በጣም ሞቃት አየር ላይ ደግሞ ስፕሬዩ አምሳያው ላይ ሳያርፍ በአየር ላይ ይደርቅና ገጽታውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ያሻክረዋል። በባህረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ ማለዳ ላይ ወይም ማቀዝቀዣ ካለው ክፍል ወጣ ብላችሁ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር ርቀት በአጭር በአጭሩ ርጩ። አዲስ አበባ በክረምት ከሆነ ስፕሬዩን ትታችሁ በብሩሽ የሚቀባውን ተጠቀሙ።

አገር ቤት ያለ ሰው ሌላም ችግር አለበት፦ ተቀጣጣይ ስፕሬይ ቀለም በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን አይሄድም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሊያመጣላችሁ የሚችለው በጠርሙስ ያለ፣ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለምና በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር ነው። ፕላስቲክ ሳጥን ቀላል ነው፤ ብረት ግን ኪሎ ይበላል፣ የአንድ ሠራዊት 28 ሚሊሜትር ብረት ሻንጣ ውስጥ ቦታም ክብደትም ይወስዳል። መቆሚያውን ለማስቆረጥ ማንኛውም 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ ይሆናል፤ አሸዋው ተነፍቶ በኮላ ይለጠፋል። ስለዚህ አገር ቤት ለሚጀምር ሰው የመጀመሪያ ምርጫችን ወረቀት፣ ሁለተኛው 6 ሚሊሜትር ነው።

ስንት ይገዛ?

ለሻርፕ ፕራክቲስ ለየወገኑ አንድ የእግረኛ ሳጥንና አንድ የመኮንኖች ጥቅል። ለብርጌድ ጨዋታ በመጀመሪያው ግዢ ከሁለት ሻለቃና ከአንድ መድፍ አትለፉ፤ የቀረውን በካርቶን ቁራጭ ሙሉ፣ አንድ ሻለቃ በተቀባ ቁጥር አንዱን ካርቶን አንሱ። ፈረሰኛን ወደ ኋላ አቆዩት፤ ፈረሱና ሰውየው ለየብቻ ተቀብተው ስለሚጣበቁ አንዱ ፈረሰኛ የሁለት እግረኛ ጊዜ ይወስዳል። ሁለቱንም ወገን ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ እኩል በእኩል አሳድጉ፣ አንድ ሻለቃ ለፈረንሳይ፣ አንድ ለእንግሊዝ። አንዱን ጦር ጨርሶ ሌላውን እጀምራለሁ ያለ ሰው ለወራት የሚያዋጋው አያገኝም።

መተውም ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ አስቡበት። ያልተከፈተ ሳጥን ሲሸጥ ከዋጋው ጥቂት ብቻ ይቀንሳል። ከፍሬም ተቆርጦ ግማሹ የተጣበቀ ሳጥን ገዢ ማግኘት ያስቸግረዋል፤ ሙሉ ሻለቃ ተቀብቶ መቆሚያ ላይ ካረፈ ግን እንደገና ፈላጊ አለው። ስለዚህ ሁለተኛውን ሳጥን የምትከፍቱት የመጀመሪያው ሻለቃ ቫርኒሹ ከደረቀ በኋላ ይሁን።